ኤምቢቲ በራማን ብተና፦ ከ24 ኬልቪን በታች ምንም ለውጥ አይታይም፣ ስህተቱ የት ነው?

ሰባት_ድርብ

ሰላም ለሁላችሁ። በማንጋኒዝ ቢስመዝ ቴሉራይድ ክሪስታል (1-2-4፣ ከዚህ በኋላ ኤምቢቲ) ላይ የራማን ብተና (ብርሃን ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ ሲበተን) እየለካሁ ነው። ክሪስታሉ አንቲፌሮማግኔት (ስፒኖቹ እየተፈራረቁ በተቃራኒ የሚቆሙበት ማግኔት) የሚሆነው በ24 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የምፈልገው ያ ሥርዓት ሲመጣ ፎኖኖቹ (የክሪስታሉ ንዝረቶች) ምን እንደሚሆኑ ማየት ነው።

አደረጃጀቱ ይህ ነው፦ 632.8 ናኖሜትር የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር፣ ናሙናው ላይ ሲደርስ 0.5 ሚሊዋት። 50 እጥፍ የሚያጎላ ኦብጀክቲቭ፣ የቁጥር ክፍተቱ 0.5። ሦስት የብራግ ኖች ፊልተሮች፣ ከ10 ሴሜ⁻¹ ጀምሮ ያሳልፋሉ። በሚሊሜትር 1800 መስመር ያለው ግሬቲንግ። ዝግ ዑደት ክራዮስታት፣ ሴንሰሩ 10 ኬልቪን ያነባል። ገጹ በቴፕ አዲስ የተላጠ ነው፤ ብርሃኑ በሲ አክሲስ (ለክሪስታሉ ንጣፎች ቀጥ ብሎ በሚቆመው አቅጣጫ) ገብቶ በመጣበት ይመለሳል።

ጥያቄዎቼ፦ 47፣ 104፣ 113 እና 140 ሴሜ⁻¹ አካባቢ ያሉት ፒኮች ይታዩኛል፤ ግን ከ40 እስከ 10 ኬልቪን ስወርድ በ24 ላይ አንዳች ነገር አይለወጥም። ከ100 ሴሜ⁻¹ በታች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። 121 ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ስፔክትረም ያልነበረ ፒክ ቀስ በቀስ ያድጋል። ከ10 እስከ 30 ሴሜ⁻¹ ማግኖን (የስፒን ሞገድ) ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻም እስከ 9 ቴስላ መስክ ስሰጥ በመስቀለኛ ፖላራይዜሽን መጥፋት የነበረባቸው የኤ-1ጂ ፒኮች (የክሪስታሉን ሲሜትሪ የማይሰብሩ ንዝረቶች) ብቅ ይላሉ። ይህ የቶፖሎጂ ምልክት ሊሆን ይችላል?

---

ቀዝቃዛ_ጣት

የመጀመሪያውን ብቻ ልመልስ፤ ሌሎቹን የሚያውቋቸው ይመልሱ።

ናሙናዎ ከ24 ኬልቪን በታች ወርዶ አያውቅም። ሴንሰሩ የሚያነበው የመዳብ ጣቱን ነው፣ ራማን የሚያነበው ግን ሌዘሩ ያረፈበትን ነጥብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በግምት ማስላት አያዳግትም። ወፍራም ክሪስታል ላይ የነጥቡ ከፍተኛ የሙቀት ጭማሪ የተመጠጠው ኃይል ለ(3.54 × የናሙናው ሙቀት አስተላላፊነት × የነጥቡ ራዲየስ) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ራዲየሱ ጥንካሬው ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ርቀት ነው።

ከ0.5 ሚሊዋቱ 60 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል እንበልና 0.2 ሚሊዋት እንደተመጠጠ እንውሰድ። አስተላላፊነቱን በሜትር በኬልቪን 3 ዋት፣ ራዲየሱን 0.5 ማይክሮሜትር ብናደርግ ውጤቱ 38 ኬልቪን ገደማ ነው። ሴንሰሩ 10 ሲል ነጥቡ 48 ላይ ነው ማለት ነው። አስተላላፊነቱ ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እንደ ቅርብ ግምት ብቻ ይያዙት፤ ግን ስህተቱ በእጥፍ ቢሆን እንኳ 24ን ያልፋል። ድርብርብ ቴሉራይዶች ላይ ይህ ይብሳል፤ ሙቀቱ ወደ ታች የሚሄደው በድርቦቹ (በተደራራቢዎቹ የአቶም ንጣፎች) መካከል ያለውን ደካማ መጋጠሚያ እየተሻገረ ነው።

ግምቱን በልኬት ማረጋገጥ ይቻላል። በ47 ሴሜ⁻¹ ያለውን ፒክ በሁለቱም ወገን፣ በስቶክስ (ብርሃኑ ጉልበት ሲያጣ) እና በፀረ-ስቶክስ (ጉልበት ሲያገኝ) ይለኩት። የፀረ-ስቶክስ ጥንካሬ ለስቶክስ ሲካፈል በዋናነት በነጥቡ ሙቀት ይወሰናል። ለ47 ሴሜ⁻¹ ሬሾው በ300 ኬልቪን 0.80፣ በ48 ኬልቪን 0.24፣ በ30 ኬልቪን 0.105፣ በ20 ኬልቪን 0.034፣ በ10 ኬልቪን 0.0012 ነው። መጀመሪያ በክፍል ሙቀት በጣም ትንሽ ኃይል ይለኩና 0.80 መስጠቱን ያረጋግጡ። ካልሰጠ ከኖች ፊልተሮቹ አንዱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ በዚያ ሬሾ ሁሉንም ያርሙ። ከ15 ኬልቪን በታች ግን ፀረ-ስቶክሱ ከመቶ አንድ ገደማና ከዚያ በታች ስለሚሆን ዘዴው አይጠቅምም።

መፍትሔው ኃይሉን ወደ 20 ማይክሮዋት ማውረድ ነው። በዚያው ስሌት ጭማሪው 1.5 ኬልቪን ይሆናል። ሲግናሉ 25 እጥፍ ስለሚቀንስ የ1 ደቂቃው ልኬት 25 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ረጅም ልኬት ግን አይውሰዱ፤ የ5 ደቂቃ አምስት ልኬቶች ወስደው መካከለኛውን ዋጋ ይያዙ፣ አለበለዚያ የኮስሚክ ጨረር ሹል መስመሮች ስፔክትረሙን ያበላሹታል። በአነስተኛ ማጉያ ሌንስ ነጥቡን ማስፋትም ይረዳል፤ ጭማሪው ከራዲየሱ ጋር በተቃራኒ ይቀንሳል። ዋጋው ደግሞ ሰፊው ነጥብ በስሊቱ ላይም ሰፍቶ ስለሚያርፍ ወይ ብርሃን ወይ ጥራት ማጣት ነው።

---

ግሬቲንግ_1800

ማበጠሪያው አየር ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሲሽከረከሩ ብርሃን ይበትናሉ፤ ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚያሳይ ስፔክትሮሜትር ደግሞ ይህን በግልጽ ያያል። የናይትሮጅኑ መስመሮች በ8 ሴሜ⁻¹ ይራራቃሉ፣ አንዱ ደመቅ ቀጣዩ ደብዘዝ እያሉ ይፈራረቃሉ። የኦክስጅኑ 11.5 ገደማ ነው። ርቀታቸውን ይለኩት። ከዚያ በናሙናው ቦታ መስታወት አድርገው ይድገሙት፤ መስመሮቹ እዚያም ካሉ ከናሙናው አይደሉም።

የሚጠፉት ሌዘሩና የሚሰበሰበው ብርሃን አብረው የሚጓዙበትን መንገድ፣ ከጨረር መክፈያው እስከ ኦብጀክቲቩ፣ በቱቦ ዘግቶ አርጎን በማፍሰስ ነው። ናይትሮጅን እንዳያፈሱ፤ ችግሩ እሱው ነው። አርጎን አንድ አቶም ብቻ ስለሆነ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ከስፔክትረሙ ላይ በስሌት መቀነስ አልመክርም፤ የአየሩ ጥንካሬ ከፎከሱ ጋር ስለሚለዋወጥ ቅሪቱ 47ን ያጣምመዋል።

121 ላይ ያለው ቴሉሪየም ነው። ሌዘሩ ገጹን ሲያቃጥለው ቴሉሪየሙ ተለይቶ ይወጣና በ121 እና በ141 ሁለት ጠንካራ ፒኮች፣ በ92 አካባቢ ደግሞ ደካማ ይሰጣል። አደገኛው 141 ነው፤ ከራሱ ከኤምቢቲ የ140 ፒክ ሥር ስለሚደበቅ ፒኩ ሲሰፋና ሲጠነክር መግነጢሳዊ ለውጥ ይመስላል። ስለዚህ በየነጥቡ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያንኑ አጭር ስፔክትረም ይውሰዱ፤ 121 ላይ ትንሽ እንኳ እብጠት ከታየ የዚያን ነጥብ መረጃ በሙሉ ይጣሉት፣ ወደ አዲስ ነጥብም ይሂዱ። በአየር ውስጥ መቃጠሉ ይፈጥናል፤ ሌዘሩ ክራዮስታቱ ባዶ ከመሆኑ በፊት ናሙናው ላይ አይረፍ።

በዚያው ክሪስታሉ ንጹሕ መሆኑን ይዩ። በኤምቢቲ ውስጥ የቢስመዝ ቴሉራይድ ቅይጥ መኖር የተለመደ ነው። የሱ ፒኮች 62፣ 102 እና 134 ናቸው። 102 ከኤምቢቲው 104 ስለማይለይ አይጠቅምም፤ 62 እና 134ን ይፈልጉ። ካሉ ሌላ ቦታ ይምረጡ።

---

ስፒን_ሞገድ

ስለ ማግኖኑ። የፈለጉበት ቦታ ላይ አይኖርም፤ ይህን ከታተሙ የመግነጢስ ልኬቶች ብቻ ማወቅ ይቻላል። መስኩ በሲ አክሲስ ሲሆን ኤምቢቲ ወደ 3.5 ቴስላ ሲጠጋ ስፒኖቹ ይገለበጣሉ፣ በ8 ቴስላ አካባቢ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። በቀላል አንቲፌሮማግኔት ውስጥ የማግኖኑ ዝቅተኛ ጉልበት ከመገልበጫው መስክ ጋር እኩል ነው። በ1 ቴስላ 0.93 ሴሜ⁻¹ ስለሆነ 3.5 ቴስላ 3.3 ሴሜ⁻¹ ይሰጣል። ፊልተርዎ ከ10 በታች ያለውን ሁሉ ይቆርጣል። በመስክ ቢገፉትም በቴስላ 1 ሴሜ⁻¹ እንኳ የማይሞላ ስለሚጨምር 9 ቴስላም ከፊልተሩ ጠርዝ ብዙ አያወጣውም።

3.3 ሴሜ⁻¹ ማለት 100 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። ይህ የብሪዩዋን ብተና ክልል ነው፤ ድርብ ፋብሪ-ፔሮ (በትይዩ መስታወቶች ጥንድ ድግግሞሽ የሚለይ መሣሪያ) ያስፈልገዋል። የመስታወቶቹ ርቀት 1 ሚሊሜትር ሲሆን ነጻ ክልሉ 150 ጊጋኸርዝ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሲሆን 300 ነው። 100ን ያለ መደራረብ ለማየት ግማሽ ሚሊሜትሩ ይሻላል።

የአቅጣጫ ጉዳይም አለ። ነጠላ ማግኖን ብርሃን የሚበትንበት ዋናው መንገድ የገቢውና የወጪው ብርሃን ፖላራይዜሽኖች አንድ ላይ የሚሠሩትን ቬክተር ከስፒኑ ጋር ያገናኛል። ስፒኖቹ በሲ አክሲስ ቆመው፣ ብርሃኑም በሲ አክሲስ ገብቶ ሲመለስ፣ ያ ቬክተር በስፒኑ ርዝመት ላይ ብቻ ያርፋል፤ ማግኖን ደግሞ ስፒኑን ወደ ጎን ማወዛወዝ ነው። ስለዚህ ዋናው መንገድ ዜሮ ይሆናል። የክሪስታሉ ባለ ሦስት ዙር ሲሜትሪ ደካማ መንገድ ይተዋል እንጂ ብዙ አይጠብቁ።

መሣሪያው ማግኖን ለማየት ብቁ መሆኑን መፈተን ከፈለጉ አይረን ፍሎራይድ (1-2) ይጠቀሙ። የኔል ሙቀቱ (አንቲፌሮማግኔት የሚሆንበት ሙቀት) 78 ኬልቪን ነው፣ ማግኖኑም በዝቅተኛ ሙቀት በ52 ሴሜ⁻¹ ይቆማል። ብርሃን አንድ ማግኖን ሲበትን መጀመሪያ የታየው በ1966 በዚሁ ክሪስታል ነው። ሲ አክሲስን የያዘውን የጎን ገጽ ያብሩ፣ አንዱን ፖላራይዜሽን በሲ ላይ፣ ሌላውን ወደ እሱ ቀጥ ብሎ በሚቆም መስመር ላይ ያድርጉ። እዚያ 52 ካልታየ ችግሩ መሣሪያው ነው።

---

ትይዩ_መስቀለኛ

9 ቴስላ ላይ የሚታየው ሾልኮ መግባት፣ ናሙናውን ሳይሆን መጀመሪያ ኦብጀክቲቩን ይጠርጥሩ። ሌንሱ መስኩ ውስጥ ተቀምጧል፣ መስታወቱም በፋራዳይ ውጤት ፖላራይዜሽኑን ያሽከረክራል። ብርሃኑ ሲመለስ ዙሩ አይሰረዝም፣ ይደመራል። ሌንሱ በቴስላ 1 ዲግሪ ብቻ ቢያሽከረክር በ9 ቴስላ ደርሶ መልሱ 18 ዲግሪ ነው፤ የኤ-1ጂ ፒክ 10 በመቶ ገደማ ወደ መስቀለኛው ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሌንሱ የሠራውን ለናሙናው የሰጡ ድምዳሜዎች ከዚህ በፊት ታትመዋል።

መለያው ቀላል ነው። የሌንሱ ሽክርክሪት ከመስኩ ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል፣ ሙቀት አይለውጠውም። የናሙናው ግን በ3.5 እና በ8 ቴስላ አካባቢ መሰበር አለበት፣ በ60 ኬልቪንም በብዙ መድከም አለበት። በሲሊኮን የ520 ፒክ ላይ መስኩን እየቀየሩ ሌንሱን መለካት ይቻላል፤ ከዚያ በሚሰበሰበው ብርሃን መንገድ ላይ ብቻ፣ በጨረር መክፈያውና በመውጫው ፖላራይዘር መካከል፣ የግማሽ ሞገድ ፕሌት አስገብተው ያካክሱት።

---

ስፒን_ሞገድ

ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ ከሲሊኮኑ በስተቀር። መስኩ ሲጨምር ሲሊኮኑ ምንም ሳይለወጥ ይቀርና ሌንሱ ንጹሕ ነው ያሰኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይኸው። በ001 ገጽ ላይ የሲሊኮን ፎኖን በአንግል አልፋ የገባውን ፖላራይዜሽን ወደ 90 ሲቀነስ አልፋ ይለውጠዋል። ሌንሱ በመግቢያው ላይ ቴታ ቢጨምር ፎኖኑ ያንን ቴታ በመቀነስ ምልክት ይመልሰዋል፤ በመውጫው ሌንሱ እንደገና ቴታ ይጨምራልና ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ሽክርክሪቱ ምንም ያህል ቢሆን ሲሊኮኑ አያየውም። የኢ-ጂ ፒኮችም (ጥንድ ሆነው በአንድ ድግግሞሽ የሚመጡ ንዝረቶች) እንዲሁ ናቸው፤ የናሙናዎ 104 በመስክ የማይለወጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በእሱ ዝም ማለት አይመኑ።

ሽክርክሪቱን የሚያሳየው ፖላራይዜሽኑን እንዳለ የሚመልስ ነገር ነው፤ ማለትም የወርቅ መስታወት ወይም የኤ-1ጂ ፎኖን። ከሁሉ የሚሻለው ከናሙናው ጎን በዚያው መያዣ ላይ ቢስመዝ ቴሉራይድ መለጠፍ ነው። መግነጢሳዊ አይደለም፣ 62 እና 134 ላይ ኤ-1ጂ አለው፣ በተመሳሳይ ሌንስና በተመሳሳይ መስክ ይለካል። በእሱ ላይ የሚታየው የሌንሱ ነው፤ በኤምቢቲ ላይ ከዚያ የሚተርፈው የናሙናው ነው።

---

ትይዩ_መስቀለኛ

ልክ ነዎት፣ ስሌቱን ሠርቼ አየሁት፤ የሲሊኮኑን ምክር ይተዉት። ቢስመዝ ቴሉራይዱ ይሻላል።

ክብ ፖላራይዜሽን ደግሞ ጣጣውን ከሥሩ ያስቀራል። ፋራዳይ ክብ ብርሃን ላይ ፌዝ ብቻ ይጨምራል እንጂ ቀኙን ወደ ግራ አይለውጥም። በዚህ ክሪስታል ላይ ኤ-1ጂ እጅ በማይለወጥበት፣ ኢ-ጂ እጅ በሚለወጥበት ልኬት ይታያሉ። የሩብ ሞገድ ፕሌቱን ከኦብጀክቲቩ በፊት፣ ገቢውም ወጪውም በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡ። የክራዮስታቱ መስኮት በክላምፕ ከተጨነቀ ራሱ እንደ ደካማ ፕሌት ስለሚሠራ ብሎኖቹን እኩል ያላሉ።

አራቱንም ከለኩ ሌላ ጥቅም አለ። ትይዩውና መስቀለኛው ሲደመሩ ከሁለቱ ክቦች ድምር ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንድ ፕሌት ወይም ፖላራይዘር ተዛብቷል። እኩል ከሆኑ ደግሞ ከመስቀለኛው ላይ እጅ የሚለወጥበትን ክብ ግማሽ ቢቀንሱ የሚቀረው ኤ-2ጂ ብቻ ነው። ፀረ-ሲሜትሪክ ብተና፣ ማለትም ማግኔቱ የጊዜን ሲሜትሪ ሲሰብር የሚከፈተው መንገድ፣ የሚኖረው እዚያ ነው። እኔ ብሆን ስፔክትረሞቼን ሁሉ በዚህ መልክ ነበር የማቀርበው፤ ጥሬ መስቀለኛ ስፔክትረም ብቻውን ብዙ ያሳስታል።

---

ሰባት_ድርብ

በጣም አመሰግናለሁ። ሬሾውን ለካሁ፦ በ300 ኬልቪን 0.80፣ ሴንሰሩ 10 ሲል በ0.5 ሚሊዋት 0.22። ይህ 45 ኬልቪን ነው። በ20 ማይክሮዋት ፀረ-ስቶክሱ ከኖይዙ አይለይም።

ቀጣዩ ጥያቄዬ፦ አሁን በ24 አካባቢ የፒኮቹ ቦታ ቢዛነፍ የስፒንና የፎኖን ትስስር ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል? ስለ ቶፖሎጂውስ ምን ማለት እችላለሁ?

---

ግሬቲንግ_1800

የሚጠብቁት መዛነፍ ከ1 ሴሜ⁻¹ በታች ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያው ራሱ አለመዛነፉን ያረጋግጡ። የክፍሉ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ ግሬቲንጉ ፒኮቹን ሁሉ ይገፋቸዋል። በ632.8 ሌዘር ላይ ዕድለኛ ነዎት፤ የኒዮን መብራት 633.44 እና 638.30 ናኖሜትር መስመሮች በራማን ሚዛን 15.6 እና 135.7 ሴሜ⁻¹ ላይ ይወድቃሉ፣ ከ47 እስከ 113 ያሉትን ፒኮች በትክክል መሃል ያስገቧቸዋል። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትና በኋላ መብራቱን 10 ሰከንድ ይቅረጹ። ሌዘሩ ራሱም የኒዮን መስመሮች ስለሚያወጣ በማጽጃ ፊልተር ሳይጠራ ናሙናው ላይ አይድረስ፤ አለበለዚያ እነዚያው መስመሮች ከናሙናው የመጡ ይመስላሉ።

የሙቀት እርምጃው ከ16 እስከ 32 ኬልቪን በየ1 ኬልቪን፣ ከዚያ ውጭ በየ5 ይሁን። በቅደም ተከተል አይሂዱ። 16፣ 28፣ 20፣ 32 እያሉ ቢያደበላልቁት ቀስ ያለ የመሣሪያ መዛነፍ የደረጃ ለውጥ መስሎ አይታይም። ሙቀቱ በተቀየረ ቁጥር 15 ደቂቃ ጠብቀው ነጥቡን በምስል መልሰው ያግኙ፤ የክራዮስታቱ ጣት ሲቀዘቅዝ አሥር ማይክሮሜትሮች ያህል ይንቀሳቀሳል።

---

ቀዝቃዛ_ጣት

ፀረ-ስቶክሱ ስለጠፋ ሌላ ቴርሞሜትር አለዎት፣ ራሱን የኔል ሙቀት። ለውጡ የሚታይበትን የሴንሰር ሙቀት በ20፣ በ40 እና በ80 ማይክሮዋት ይለኩ። ኃይሉ ሲጨምር ለውጡ ወደ ዝቅተኛ የሴንሰር ንባብ ይሸሻል። በመስመር ወደ ዜሮ ኃይል ሲመልሱት 24 አካባቢ ካረፈ ሁለቱንም አረጋገጡ፦ ለውጡ መግነጢሳዊ መሆኑንና የሌዘሩ ማሞቂያ በማይክሮዋት ስንት ኬልቪን እንደሆነ። ካልሸሸ ግን ለውጡ ከናሙናው አይደለም።

---

ስፒን_ሞገድ

በትስስሩ ላይ። ፎኖን ማግኔት ባይኖርም ከሙቀት ጋር ይዛነፋል፣ ስለዚህ ያለ ማግኔት የት እንደሚሆን ማወቅ አለብዎት። የተለመደው ፎኖኑ ወደ ሁለት እኩል ፎኖኖች እንደሚከፈል የሚያስበውን ቀመር ከ50 እስከ 300 ኬልቪን ባለው መረጃ ላይ ብቻ አስማምቶ ወደ ታች ማስረዘም ነው። እስከ 10 ኬልቪን ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ካስማሙ ቀመሩ የሚፈልጉትን ለውጥ ይውጠዋል። ከ50 የሚጀመረው ከኔል ሙቀቱ በላይም በድርቡ ውስጥ አጭር ርቀት ያለው የስፒን ሥርዓት ስለሚቀር ነው።

ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ግን ይህ ቀመር ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። 47 ሴሜ⁻¹ ያለው ፎኖን ወደ 68 ኬልቪን የሚጠጋ ጉልበት ስለያዘ ከ24 በታች ቀመሩ ገና ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አልሆነም። ጀርማኒየም ቢስመዝ ቴሉራይድ (1-2-4) ተመሳሳይ አወቃቀር አለው፣ ማንጋኒዝ የለውም፤ እሱን በዚያው ፕሮግራም ይለኩና ጎን ለጎን ያስቀምጡት። የክሪስታሉ መጠን ራሱ በኔል ሙቀቱ ትንሽ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከዚያ የሚመጣውን መዛነፍ ከስፒን ትስስር ሳይለዩ የትስስር ቁጥር አይጻፉ።

እኔ ከፒኩ ቦታ ይልቅ ጥንካሬውን ባይ እመርጣለሁ። አንቲፌሮማግኔቱ ስፒኖቹን በየድርቡ ስለሚገለብጥ መግነጢሳዊው ክፍል በሲ አቅጣጫ እጥፍ ይሆናል። ከዞኑ ጠርዝ ያሉ፣ ብርሃን በተለመደው የማይደርስባቸው ፎኖኖች በዚህ ምክንያት ሊታዩ ይችላሉ፤ በኤምቢቲ ላይ ክሪስታሉ ሳይለወጥ በመስክ ብቻ የጥንካሬ ለውጥ የታየው በዚህ ነው። ሙቀቱን በ10 ኬልቪን ገትረው በክብ ፖላራይዜሽን ከ0 እስከ 9 ቴስላ ቢሄዱ ሙቀት የሚያመጣውን መዛነፍ ሁሉ ያስወግዳሉ። ጥንካሬው በ3.5 እና በ8 አካባቢ ከተሰበረ ከየትኛውም የሙቀት ኩርባ የጠነከረ ማስረጃ ነው።

ስለ ቶፖሎጂው ቀጥተኛ መልሱ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ስፔክትረሞች የቶፖሎጂ ቁጥር አይነበብም። የሚታየው ብርሃን እንዲህ ባለ ክሪስታል ውስጥ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ይገባል፣ የገጹ ሁኔታ ያለው በላይኞቹ ሁለት ሦስት ናኖሜትሮች ነው፤ አንድ ድርብ ብቻውን 1.36 ናኖሜትር ነው። ፎኖንዎ የሚነግርዎት ስለ ውስጡ ነው። ራማን አጥብቆ የሚናገረው የትኛው ሲሜትሪ እንደተሰበረ፣ በስንት ሙቀትና በስንት መስክ እንደተሰበረ ነው። ኤምቢቲ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጎዶሎ ድርብ ያለው ቀጭን ናሙና የኳንተም አኖማለስ ሆል ሁኔታን (ያለ ውጭ መስክ የሆል ተቃውሞ በቋሚ እርከን የሚቆምበትን)፣ ተጋማሽ ቁጥር ድርብ ያለው የአክሲዮን ኢንሱሌተርን (የሆል ውጤቱ ዜሮ የሚሆንበትን) የሚይዘው በዚሁ የስፒን አደራደር ነውና። የ5 ድርቡ ሆል ውጤት በ2020 በ1.4 ኬልቪን የታየው በኤሌክትሪክ ልኬት ነው። ቶፖሎጂውን ከዚያ ይውሰዱ፣ ማግኔቱን ከራማን።

---

ትይዩ_መስቀለኛ

ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ዘዴውን ለመልመድ ኮባልት-ቲን-ሰልፋይድ (3-2-2) ይቀላል። ፌሮማግኔት የሚሆነው በ177 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ የ10 ኬልቪን የሌዘር ሙቀት ሥራውን አያጠፋውም። የራማን ፒኮቹም ሁለት ብቻ ናቸው፦ ኢ-ጂ 290 እና ኤ-1ጂ 387 ሴሜ⁻¹ አካባቢ፤ አየሩም ኖች ፊልተሩም አይነኳቸውም።

እዚያ የሚጠብቀው ስህተት ሌላ ነው። ብረታማ ስለሆነ ፒኮቹ ከኤሌክትሮኖቹ ብተና ጋር ተጋጭተው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ የፋኖ ቅርጽ ይይዛሉ። የፒኩ ጫፍ ያኔ የፎኖኑ ድግግሞሽ አይደለም፤ ግማሽ ስፋቱ ለፋኖ ኪዩ (ዝንባሌውን ለሚገልጸው ቁጥር) ሲካፈል በሚገኘው ያህል ፈቀቅ ብሏል። ግማሽ ስፋቱ 2 ሴሜ⁻¹፣ ኪዩው 10 ከሆነ ልዩነቱ 0.2 ነው። ኪዩው ከሙቀት ጋር ሲለዋወጥ ይህ 0.2 አብሮት ይንቀሳቀሳልና በሎሬንዝ ኩርባ (ዝንባሌ በሌለው የፒክ ቅርጽ) ያስማማ ሰው የስፒን ትስስር ያገኘ ይመስለዋል። በፋኖ ያስማሙ፣ ኪዩውንም በእያንዳንዱ ሙቀት ነጻ ይተዉት።